የተቆረጠው ጤነኛው ሞላ ነበር

ዝናብ እየጣለ ነው። ቦታው ቨርጂኒያ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው መንገድ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ አንድ ኢትዮጵያዊ በ1975 የተሠራች ኤምጂቢውን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። (ዓመቱ ከዚህ በኋላም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ ነድቷል፤ መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። መኪናዋን ግን ገና እየተዋወቃት ነበር።

ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም እሱም ፍሬን ረገጠ። የቀኙ የፊት ጎማ ወዲያው ቀጥ አለ፤ መዞሩን ትቶ እርጥቡ አስፋልት ላይ ይንሸራተት ጀመር። የግራው ጎማ ግን መሬቱን ይዟል። አንዱ ይዞ ሌላው ሲለቅ ምን እንደሚሆን ሹፌር ሁሉ ያውቃል። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግራ ሰበረች። እግሩን ከፍሬኑ ላይ ለማንሳት ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ኖሮ ከጎኑ በሚመጣው ፒካፕ ሥር ይገባ ነበር። ያቺ መኪና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኮምፒውተር የላትም። ያላት ሁለት እጅና አንድ እግር ነው፤ የሹፌሩ።

ቤቱ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገሩን ያባሰበት ደግሞ የመኪናዋ ኪስ ውስጥ ያለው ደረሰኝ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ጋራዥ አስገብቷት ነበር። ወረቀቱ ላይ «የፊት ከፍታ ተስተካክሏል» ይላል። እውነትም ተስተካክሏል። ከፊት ለፊቷ ቆሞ ለሚያያት ሰው መኪናዋ ዘንበል የምትል አይደለችም። ሜትር ቢያወጣ ግራውም ቀኙም እኩል ነው።

ታዲያ ምን ሆነች?

ይህን ጥያቄ ይዞ የሄደው አሌክሳንድሪያ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ወዳላቸው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ ፊያት ሲፈቱና ቮልስ ሲገጥሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ሁሉም የሚጠራቸው ጋሼ እያለ ነው፣ አሜሪካዊ ደንበኞቻቸው ጭምር። «ጋሼ» ስማቸው የሚመስለው ፈረንጅ ጥቂት አይደለም።

ጋሼ መኪናዋን ለካ ለካ አላደረጉም። መጀመሪያ የጎማውን ነፋስ አዩ፤ አራቱንም እንደ ልኩ ሞሉ። ከዚያ ደልዳላ ወለል ላይ አቆሟት፣ ፊቷን ተጭነው ወዝወዝ አደረጓት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፏት። ይህን ሳያደርጉ የሚወሰድ ልክ ውሸት ነው። መኪና በክሪክ ተነስታ ስትወርድ ጎማዎቿ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰቡ ይቀራሉ፤ ትንሽ ካልተንከባለለች ወደ ትክክለኛ ቁመቷ አትመለስም። ሜትሩንም የያዙት ከመሬት አይደለም። ከጎማው መሐል ነጥብ ጀምረው በቀጥታ ወደ ላይ፣ እስከ ጎማ ቤቱ ጠርዝ ድረስ ነው የለኩት። ከመሬት ከተለካ ያለቀ ጎማና አዲስ ጎማ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ከጎማው መሐል ሲለካ ግን ሞላው የሚለው ብቻ ይሰማል።

ግራ 39 ሴንቲ ሜትር። ቀኝ 39 ሴንቲ ሜትር።

«እኩል ነው እኮ ጋሼ» አለ ባለ መኪናው።

«እኩል መሆኑ ነው እኔን የጠረጠረኝ» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ሹፌር በአንድ ጎን ሲቀመጥባት የኖረች መኪና እንዴት ብላ ነው እንዲህ እኩል የምትሆነው? ያንን ክሪክ አምጣው እስቲ።»

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ምንም ዘመናዊ መሣሪያ አይፈልግም፤ ለማየት ግን ደስ ይላል። በኤምጂቢ ፊት፣ ከሞተሩ ሥር፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ወፍራም አግዳሚ ብረት አለ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች የተንጠለጠሉት እሱ ላይ ነው። ጋሼ ክሪኩን የዚህ ብረት መሐል ለመሐል ላይ አድርገው የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አላቀቁ። አሁን መኪናዋ ከፊት በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው የተደገፈችው፤ እንደ ሚዛን። ወደ ግራ ልጋደም ብትል የፊት ሞላዎች አይከለክሏትም። የሚናገረው የኋላው ብቻ ነው።

መኪናዋ ወደ ግራ ተጋደመች።

አወረዷትና ክሪኩን ወደ ኋላ ወሰዱት፣ ከኋላው አክሰል መሐል፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር። የኋላ ጎማዎች ተነሱ። አሁን ተራው የፊተኛው ሆነ። መኪናዋ በዚህ ጊዜ ወደ ቀኝ ተጋደመች።

ባለ መኪናው አፉን ይዞ ቀረ። የፊተኛው ብቻውን ሲተው ወደ ቀኝ፣ የኋለኛው ብቻውን ሲተው ወደ ግራ። ሁለቱ አንድ ላይ መሬት ሲነኩ ደግሞ ቀጥ ያለች፣ ለፎቶ የምትሆን መኪና።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሪው በግራ ነው። ከዓመታት በኋላ ከሹፌሩ ወንበር በስተኋላ ያለው የግራው ባሌስትራ ደክሟል። ባሌስትራው ሲወርድ የመኪናዋ ግራ ጎን በሙሉ፣ የፊቱም ጭምር፣ አብሮ ወረደ። የቀድሞው ባለቤት ያየው የፊቱን መዘንበል ነው፤ ሰው መኪናውን የሚያየው ከፊት ነውና። ጋራዡም ያየው ያንኑ ነው። የፊት ግራውን ከፍ ማድረግ አዲስ ሞላ ይፈልጋል። የፊት ቀኙን ዝቅ ማድረግ ግን መቁረጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ምንም ያልነበረበትን የቀኝ ሞላ ፈትተው ቆረጡት። ቁመቱ እኩል መጣ፤ ደረሰኙ ተጻፈ።

የማይታየው ክብደቱ ነው። የቀኙ የፊት ሞላ ስላጠረ ድርሻውን መሸከም ተወ፤ ሸክሙ ወደ ግራው የፊት ጎማ ሄደ። ከኋላም የደከመው ግራ ስለማይሸከም ቀኙ ተሸከመ። መኪናዋ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ቆማ፣ ሌሎቹን ሁለት መሬት ለማስነካት ያህል ብቻ ታስቀምጣቸዋለች። አንድ እግሩ አጭር የሆነ የቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ ይገባዋል። ፍሬን ሲያዝ ለአራቱም የሚደርሰው ኃይል የተመደበ ነው፤ ክብደት የሌለበት ጎማ ግን መሬቱን የሚይዝበት አቅም የለውም። ቀድሞ የሚቆለፈው እሱ ነው። ያን ቀን በዝናቡ የሆነው ይኸው ነው።

ሞላ መቁረጥ ሌላም ጣጣ አለው። ጥምጥሙ የቀነሰ ሞላ አጭር ብቻ ሳይሆን ደረቅም ይሆናል፤ የቀሩት ጥምጥሞች ያንኑ ሸክም ለመቀበል እምብዛም አይለጠጡምና ነው። በእሳት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። በኤምጂቢ ላይ ሞላው የሚቀመጠው ከጎማው ራቅ ብሎ፣ በታችኛው ብራቾ መሐል ገደማ ላይ ስለሆነ ሞላው ላይ የተደረገች ትንሽ ለውጥ ጎማው ጋ ስትደርስ ወደ እጥፍ ትጠጋለች። አንድ ሴንቲ ሜትር የቆረጠ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ አወረደ ማለት ነው። መቁረጫ የያዘ ሰው ይህን ካላወቀ ወይም ለማወቅ ካልቸኮለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ መኪናዋን ወደ መንገድ ይለቃታል፤ የሚጋፈጠው ሌላው ነው።

ባለ መኪናው ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። እንዲያውም መኪናዋን ሲገዛ ጀምሮ የያዘው ጥያቄ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የውጭ አገር መምህር የሚነዳት ኤምጂቢ ያይ ነበር። ያቺ መሬት ላይ የተኛች፣ ፓራውልቷ የሚያበራ ቀጭን ብረት የሆነ መኪና ነበረች። የእሱ ግን ጥቁር ጎማ የመሰለ ወፍራም አፍንጫ አላት፤ ቁመቷም እንደ ዶሮ ቆም ያለ ነው። «ጋሼ፣ ካልቀረስ አንዴ ሲፈታ የፊቱን ዝቅ እናድርገው፤ እንደዚያችኛዋ ትሁን» አለ።

ጋሼ ለመመለስ አልቸኮሉም። ሻይ አስመጡ።

የ1975 ኤምጂቢ ቁመት የማንም ባለቤት ጥፋት አይደለም። ከፋብሪካ የወጣችው እንዲያ ሆና ነው፤ ያስነሳትም የዋሽንግተን ሕግ ነው። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና በሰዓት 5 ማይል፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲጋጭ መብራቱና ሌሎች ለደኅንነት የሚያስፈልጉ ዕቃዎቹ ደኅና ሆነው መቅረት አለባቸው ተባለ። ቀጥሎ የከፍታ ጉዳይ መጣ። የአንዱ ፓራውልት ከሌላው ጋር እንዲገናኝ፣ መፈተኛው መዶሻ ከመሬት ከ16 እስከ 20 ኢንች ባለው ከፍታ እንዲመታ ተደነገገ። ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ በኤሊ ፍጥነት ተጋጭቶ የመብራት ዋጋ የከፈለ ሁሉ ይደግፈዋል።

ኤምጂቢ ግን የተነደፈችው ይህ ሁሉ ሳይታሰብ ነው፤ መሸጥ የጀመረችው በ1962 ነው። ፊቷ ዝቅ ያለ ነው። አዲስ ፊት መንደፍ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ብሪቲሽ ሌይላንድ ደግሞ በዚያ ሰሞን ገንዘብ የለውም፣ በ1975 የእንግሊዝ መንግሥት ገብቶ ነው ከመዘጋት ያተረፈው። ትልቁን ገበያ አሜሪካንም መተው አይችልም። ስለዚህ አጭሩን መንገድ መረጠ። ወፍራም ጥቁር ፓራውልት ለጠፈባት፤ ከዚያም መኪናዋን እንዳለች አንድ ኢንች ገደማ ወደ ላይ አነሳት። ከኋላ ባሌስትራውን ለወጠ፣ ከፊት ያንን አግዳሚ ብረት ለወጠ። ቁጥሩ ሞላ፣ ሕጉ ረካ።

ከፍ ያለ ነገር ኩርባ ላይ ይበልጥ እንደሚጋደም ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጭድ የጫነ አይሱዙ ያየ ያውቀዋል። መኪናዋ ከፍ ባለችበት በዚያው ወቅት ይባስ ብሎ፣ ወጪ ለመቀነስ፣ ኩርባ ላይ እንዳትጋደም የሚይዛትን የፊት ስታብላይዘር ከ1975ቱ ሞዴል ላይ አነሱት። ሊጨምሩት ሲገባ አነሱት! ለ1977 ሞዴል ስህተቱን ለማረም ከፊትም ከኋላም ስታብላይዘር ገጠሙላት። ግን ብዙ አልቆየችም። በ1980 ኤምጂ ከ1929 ጀምሮ የኖረበት የአቢንግደን ፋብሪካ ተዘጋ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢዎች ተሠርተው አበቃ። በ1982 ደግሞ ያው የአሜሪካ መንግሥት የፓራውልቱን መስፈርት ከ5 ማይል ወደ 2 ነጥብ 5 ማይል አወረደው። ፋብሪካው ከተዘጋ ሁለት ዓመት በኋላ።

ሕጉ በአንድ ፊርማ ተለወጠ። ብረቱ ግን እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

ሁሉም መኪና እንዲህ አልተቀጣም። ፖርሽ 911 ወደ አሜሪካ ሲላክ እሱም ከፍ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን እስከ 1989 ድረስ የቆየው 911 ከፊት ጥምጥም ሞላ የለውም፤ ሲጠመዘዝ የሚመልስ ረጅም ብረት ነው ያለው። ቮልስ የፈታ ሰው ዘመዱን ያውቀዋል። በ911 ላይ የዚያ ብረት ጫፍ ማስተካከያ ብሎን አለው። ብሎኑን ማዞር ነው፣ ከፍታው ይወጣል ይወርዳል። ኤምጂቢ ላይ ሕጉ አግዳሚው ብረት ውስጥ ገብቷል፤ 911 ላይ በመፍቻ የሚፈታ ብሎን ሆኖ ቀረ። የብሎኑ ፈተና ግን ከመቁረጫው የማይተናነስ ነው። ግራና ቀኙን በዓይን እኩል እያደረጉ ብሎን የሚያዞሩ ሰዎች አራት ሚዛን ከአራቱ ጎማ ሥር ሲገባ ይደነግጣሉ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክብደቱ ግን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ላይ ሆኖ ይገኛል።

«የፊቱን ብቻ ዝቅ ካደረግሁልህ» አሉ ጋሼ ሻይውን እየጨረሱ፣ «ያው የእነሱን ሥራ ነው የምሠራልህ። አፍንጫዋ ይደፋል፣ መብራትህ እግርህ ሥር ያበራል፣ ብራቾዎቹ ወደ ላይ ተሰቅለው ይቀራሉ፤ ጉድጓድ ስትገባ ማረፊያውን ጎሚኒ ቶሎ ይመቱታል። እንደ ድሮዋ ትሁን ካልክ አግዳሚውን ብረት ራሱን መቀየር ነው። እሱ ሲቀየር የመሪው ማርሽ አቀማመጥም ይቀየራል። ኪስህ ይችላል?»

ኪሱ አልቻለም። እውነቱን ለመናገር ልቡም ከዝናቡ ቀን ወዲህ ስለ መልክ ብዙ አያስብም ነበር።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። የተጀመረው ከኋላ ነው። ሁለቱም ባሌስትራ በጥንድ ተቀየሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ነገ ተመልሶ መምጣት ነው። ኋላው ደኅና ሳይሆን ፊቱን አልነኩትም። ከዚያ የፊት ሞላዎች፣ ሁለቱም አዲስ፣ ለዚያ ዓመት የተሠሩ።

የኤምጂቢን የፊት ሞላ ማውጣት ቀልድ አይደለም። የሾክ አብዞርበሩ ክንድ ራሱ የላይኛው ብራቾ ሆኖ ነው የሚያገለግለው፤ ሞላው በአግዳሚው ብረትና በታችኛው ብራቾ መሐል ታምቆ ተቀምጧል። ብሎኑን ያለ ድጋፍ የፈታ ሰው ሞላው ተፈናጥሮ ይመታዋል፤ ይገድለዋልም። ጋሼ መኪናዋን በጠንካራ የብረት እግር ላይ አቆሙ፣ ክሪኩን ከሞላው ማቀፊያ ሥር ደግፈው ብሎኖቹን ፈቱ፣ ከዚያ ክሪኩን በጣም በዝግታ አወረዱት። ሞላው እየተነፈሰ እየተነፈሰ ወጣ። ባለ መኪናው ሊቀርብ ሲል «ወዲያ ቁም!» ብለው የጮኹበት ያኔ ብቻ ነው።

የወጣው የቀኝ ሞላ ከግራው አንድ ጥምጥም ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ያነሰው። የተቆረጠበት ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። በእሳት ነው የቆረጡት።

አዲሶቹ ከገቡ በኋላ የጎሚኒዎቹን ብሎን ጋሼ ገና አላጠበቁትም። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው በዚያ አቋሙ ይያዛል፤ መኪናዋ ስትወርድ እየተጠማዘዘ እንደ ተጨማሪ ሞላ ከፍ አድርጎ ይይዛታል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መሬት ላይ አወረዷት፣ ወዘወዟት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፏት፣ ከዚያ ነው ያጠበቁት። ያልነበራትንም የፊት ስታብላይዘር ገጠሙላት፤ ከሌላ አሮጌ ኤምጂቢ የተፈታ ነው።

ክሪኩ እንደገና ከፊት መሐል ገባ። ኋላው ቀጥ አለ። ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱም ቀጥ አለ፤ ግን ለካ ግራው ስድስት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል።

«ትንሽ ነው ጋሼ፣ ይቅር» አለ ባለ መኪናው።

«ግባና ተቀመጥ።»

ገብቶ ተቀመጠ። ነዳጁ ግማሽ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ለኩ፤ የግራው ወረደና ከቀኙ በሁለት ሚሊ ሜትር አነሰ። ጣታቸውን ሜትሩ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ።

«ስትነዳት ብቻህን ነህ?»

«አብዛኛውን ጊዜ ከልጄ ጋር ነኝ። እሁድ እሁድ እሷን ይዤ ነው የምወጣው።»

«ታዲያ ጥራታ! በባዶ ወንበር ምን ያስለካኛል?»

ልጅቷ ውጭ ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። መጥታ በቀኝ በኩል ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ጋሼ ወዝወዝ አደረጓትና በግራ ለኩ፣ ዞረው በቀኝ ለኩ። ቀኙ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ከመሳቢያቸው ቀጭን የአልሙኒየም ቀለበት አወጡ፤ ከሞላው አናት ላይ የምትገባ፣ ውፍረቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ። ጎማው ጋ ስትደርስ እጥፍ እንደምትሆን ያውቃሉ። የቀኙን እንደገና ፈትተው አስገቧት፣ ገጠሙ፣ አወረዱ፣ ወዘወዙ። ከዚያ መሪው ሲስተካከልና የፊት መብራቱ ግድግዳ ላይ ሲለካ መሸ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ አስፋልቱን በባልዲ ውኃ አረጠቡት። አባትና ልጅ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጋሼ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱ። ሰውየው ፍጥነት ይዞ መጣና ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ፊቷን ደፋ አድርጋ፣ ሳትዞር፣ ቆመች። ጋሼ ሄደው እርጥቡ ላይ የቀሩትን ሁለት መስመሮች ጎንበስ ብለው አዩ። ርዝመታቸው አንድ ነው።

«አሁን እንደገና» አሉ፣ «አንድ ጊዜ አይበቃም።»